መንገደኛ ነኝ፣ አፉ በሉኝ

ነርስ ራሕሞን «ሥራሽ ምንድን ነው?» ብለው ሲጠይቋት «ሰው እሸኛለሁ» ትላለች። ሀርጌሳ ውስጥ ይህን የሰማ ሁሉ ቶሎ ትዝ የሚለው ኤርፖርት ነው፤ እሷም አታርመውም። አንድ ጊዜ እንዲያውም አንድ የባጃጅ ሹፌር ለእህቱ ልጅ ቪዛ እንድታስጨርስለት እስከ አሕመድ ዳጋህ ሰፈር ድረስ ሲለማመጣት ሄደ። ስትወርድ የምትሸኘው ወዴት እንደሆነ ብትነግረው ሂሳብ ሳይቀበላት ሸመጠጠ።

ሥራዋ እውነትም መሸኘት ነው። ሐኪም «ከዚህ በላይ የምናደርገው የለም» ብሎ ያሰናበታቸውን ሕሙማን ታስታምማለች። ጠዋት ጠዋት ዘጠኝ አልጋ ብቻ ባላት የሕሙማን ማረፊያ ቤት ውስጥ ትሠራለች፤ ከቀትሩ የዙሁር ሶላት በኋላ ደግሞ ቦርሳዋን አንጠልጥላ በባጃጅ ከቤት ቤት ትዞራለች። ሕመም ታስታግሳለች፣ ቁስል ታጥባለች፣ የደረቀ ከንፈር ታርሳለች፣ ዘመድ የፈራውን ሰውነት ሳትፈራ ታገላብጣለች። «የምናደርገው የለም» የሚለውን ቃል እንደ ስድብ ነው የምትቆጥረው። «ለሰው ልጅ የሚደረግለት መቼ አልቆ ያውቃል?» ትላለች። «ሌላው ቢቀር ትራሱ ይገለበጥለታል።»

አርባ አንድ ዓመቷ ነው። ሀርጌሳ ተወልዳ፣ ከተማዋ በፈረሰችበት ጦርነት በእናቷ ጀርባ ድንበር ተሻግራ፣ ድሬዳዋ አደገች። ነርስነቱን ሐረር ተምራ ነው ወደ ተወለደችበት ከተማ የተመለሰችው። ስለዚህ ሶማሊኛዋ ጥርት ያለ ቢሆንም ቀልዷ የድሬ ነው። የድሬ ልጅ ደግሞ አንቱታ በአጠገቡ አላለፈም፤ ሽማግሌውም ባለሥልጣኑም ለእሱ «አንተ» ነው። ራሕሞም አልጋ ላይ የተኛ ሽማግሌ «አንቱ» ከተባለ ታማሚው ሌላ ሰው ይመስለዋል ባይ ናት። እኛም በእሷ ወግ ትልቁንም ትንሹንም «እሱ» እያልን እንቀጥላለን፤ ቅር የሚለው ካለ ራሕሞን ይክሰስ።

ይህ ሥራ ልብ ያጨልማል ብለው የሚያዝኑላት ብዙ ናቸው። እሷ ግን ከሥራዋ ስትመለስ አብዛኛውን ቀን ደስ ብሏት ነው። ለምን ቢባል የሚሞት ሰው አይሰለችም። ዘጠኙ አልጋ ላይ ያለው ሁሉ የማይረባውን ወሬ ትቶ የሚረባውን ብቻ ይዞ የቀረ ነው፤ ደግሞም የሚረባው ነገር ከሰው ሰው ይለያያል።

አስረስን እንውሰድ። አስረስ ከጎጃም መጥቶ የሀርጌሳን ፎቅ ሲለስን የኖረ ሠራተኛ ነበር። ማረፊያ ቤቱ ውስጥ ሲተኛ ሕመሙ በሁለት ቀን ተስተካከለለት፤ ፊቱ ግን ሊፈታ አልቻለም። ራሕሞ አንድ ጠዋት ጎኑ ተቀምጣ «ምንድን ነው የሚያስጨንቅህ?» ብትለው እያፈረ በአማርኛ ነገራት።

«ሲስተር፣ ሕመሙስ ባንቺ መድኃኒት ተኝቷል። ይህን ግድግዳ ግን ምን ላድርገው? ማን እንደለሰነው እንጃ፣ ሆዱ ወጥቷል። ዐይኔን በገለጥኩ ቁጥር እሱን ነው የማየው።»

«አልጋውን ላዙርልህ?»

«ማዞርማ ሽሽት ነው።»

በዐርብ፣ ሥራ በሌለበት ቀን፣ ጓደኞቹ ቱንቢና ሲሚንቶ ይዘው መጡ። አስረስ በሦስት ትራስ ተደግፎ ከአልጋው ላይ ሲያዝ፣ ሲቆጣ፣ ሲሳደብ ዋለ። ማታ ግድግዳው ቀጥ አለ። አስረስ ከዚያ በኋላ ሦስት ሳምንት ቀጥ ያለ ግድግዳ እያየ ኖሮ በሰላም አረፈ። እንግዲህ የራሕሞ ሥራ ይህ ነው።

ካለፈው ዓመት መንገደኞቿ ሁሉ ግን ቡራሌን የሚያህል የለም።

ቡራሌ የሰባ ሁለት ዓመት ሰው ነበር። አርባ ዓመት ሙሉ ከበርበራ ወደብ ተነሥቶ በጅግጅጋ አድርጎ እስከ ድሬዳዋ የጭነት መኪና ነድቷል። ሚስቱ ከሞተችበት ቆይታለች፤ የሚኖረው ማሕሙድ ሃይቤ ሰፈር ከትልቋ ልጁ ከዓሻ ጋር ነው። ዓሻ አርባ ሊሞላት አንድ የቀራት፣ አሕመድ ዳጋህ የግንባታ ዕቃ መሸጫ ሱቅ ያላት፣ ሦስት ወንድሞቿን አሳድጋ ለወግ ለማዕረግ ያበቃች ሴት ናት። ቤቱን የምታዘው በዐይኗ ብቻ ነው።

ራሕሞ መጀመሪያ የሄደች ቀን ዓሻ ደጅ ላይ ነው ያቆመቻት። «አባቴ የሚያውቀው ጨጓራ እንደሆነ ነው» አለቻት በሶማሊኛ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ጉበት፣ ካንሰር፣ ምናምን የሚል ቃል ከአፍሽ እንዳይወጣ።»

ይህ የዓሻ ክፋት አይደለም። ከሀርጌሳ እስከ ጎንደር ክፉ በሽታ ለባለቤቱ አይነገርም፤ ለዘመድ ይነገራል፣ ዘመድም ተሸክሞት ይዞራል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለው ተረት በሽተኛውን እንጂ ዘመድን አይመለከትም። ራሕሞም ይህን ስለምታውቅ አልተከራከረችም። የራሷ ሕግ ግን ነበራት።

«ያልጠየቀኝን አልነግረውም» አለቻት። «የጠየቀኝን ግን አልዋሸውም።»

«አይጠይቅሽም» አለች ዓሻ፣ ነገሩን በቁልፍ እንደ ዘጋ ሰው። አስገባቻት።

ቡራሌ ፍራሽ ላይ ጋደም ብሎ ነበር። ከስቷል፣ ዐይኑ ቢጫ ሆኗል፤ ሁለት ቃል እንደተናገረች ግን ቀና ብሎ አያት።

«አንቺ፣ አነጋገርሽ የሀርጌሳ አይደለም። የት ነው ያደግሽው?»

«ድሬ ነው፣ አደር ቡራሌ» አለች። አደር በሶማሊኛ አጎት ማለት ነው።

«ድሬ የት?» ቋንቋውን እዚያው ላይ ወደ አማርኛ ቀየረው።

«ገንደ ቆሬ።»

«አቦ! ገንደ ቆሬ!» ቡራሌ የታመመ ሰው መሆኑን ለአፍታ ረሳ። አማርኛው የሹፌር አማርኛ ነው፤ ግማሹ ቀልድ፣ ግማሹ የመኪና ዕቃ ስም። ስለ ድሬ አሸዋ፣ ስለ ድሬ ሙቀት ጠየቃት። ራሕሞ በመካከል «ከዜሮ እስከ አሥር ብትቆጥር ሕመምህ ስንት ነው?» አለችው።

«ቁጥሩን ተይው። ዛሬ ካራማራን እየወጣሁ ነው።» ካራማራ ከጅግጅጋ በላይ ያለው ዳገት ነው።

«ከካራማራ የከፋስ አለ?»

«ደንገጎ ነዋ! ጭነት ይዘሽ ወደ ድሬ ስትወርጂ፣ ፍሬን እምቢ ሲልሽ። እሱ ገና አልመጣም።»

ራሕሞ መዝገቧ ላይ «ካራማራ» ብላ ጻፈች፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ የቡራሌ ሕመም የተመዘገበው በመንገድ ነው። ያን ጊዜ ነው እንግዲህ ሽማግሌው ፈገግታውን ከፊቱ ሳያወርድ፣ አሁንም ስለ ሙቀት የሚያወራ በሚመስል ድምፅ፣ የጠየቃት።

«ጉበቴ ነው አይደል?»

ዓሻ ሻይ ይዛ ጥግ ላይ ቆማለች። ትንሹ ወንድሟ ኢርፋን በር ላይ ተቀምጧል። ቡራሌ ልጆቹን ሁሉ ሀርጌሳ ነው ያሳደገው፤ አማርኛ የሚባል ነገር በቤቱ አስተምሮ አያውቅም። ራሕሞም ፈገግ አለች።

«ማን ነገረህ?»

«ዕድሜ ልኬን በሞተር ድምፅ በሽታ ስለይ ኖሬ የራሴ ይጠፋኛል? ጨጓራ ዐይን ቢጫ ያደርጋል እንዴ?»

«ጉበትህ ነው» አለችው።

«ስንት ጊዜ አለኝ?»

«እሱን አላህ ነው የሚያውቀው። እኔ እንደማየው ግን ሳምንታት ናቸው፣ ወራት አይደሉም።»

«አልሐምዱሊላህ» አለ። ከዚያ እንደገና ፈገግ ብሎ፣ «እኔ እንዳወቅኩ ዓሻ እንዳታውቅ» አላት። «ይህ ውሸት ነው ቀጥ አድርጎ ያቆማት።»

«ምንድን ነው የሚያስቃችሁ?» አለች ዓሻ በሶማሊኛ።

«ስለ ድሬ ሙቀት ነው የምናወራው» አላት አባቷ።

ዓሻ ሻዩን አቀረበች። ስኳር የሚባል አልነካውም። በሀርጌሳ ለእንግዳ ስኳር የሌለው ሻይ ማቅረብ እንግዳውን ሂድልኝ ከማለት ብዙ አይርቅም፤ ራሕሞ ግን ምስኪን፣ ማስታመም አድክሟት ነው ብላ ዝም ብላ ጠጣችው።

እንዲህ ሆነው አምስት ሳምንት ሄዱ። ራሕሞ በሳምንት ሁለቴ ሦስቴ ትመጣለች፤ የሕመም ማስታገሻ ሽሮፑን ትለካለች፣ እግሩን ትቀባለታለች፤ ቤተሰቡ በተቀመጠበት ክፍል ውስጥ እሷና ቡራሌ በአማርኛ እውነቱን ያወራሉ። ዓሻ ትወጣለች ትገባለች። ራሕሞ እውነቱን ለመናገር በዚህ ነገር በልቧ ትኮራ ነበር። የልጅቷንም አደራ አላፈረሰች፣ የአባትዬውንም ጥያቄ በውሸት አልመለሰች። ከዚህ የበለጠ ነርስ የት ይገኛል!

ቡራሌ የሚያወራው ደጋግሞ አንድ ነገር ነበር። ሚስቱ ስትሞት ዓሻ አሥራ አራት ዓመቷ ነበር፤ ስምንተኛ ክፍል። ሦስት ትንንሽ ወንድሞች አሏት፣ እሱ ደግሞ መንገድ ላይ ነው። «አንድ ዓመት ብቻ ቤት ዋይ፣ ከዚያ ትመለሻለሽ» አላት። ዓመቱ አለቀ፤ አልተመለሰችም። እሱም አላነሣው፣ እሷም አላነሣችው። ይኸው ሃያ አምስት ዓመት።

«በድያታለሁ» ይላል። «ሌላውን ኃጢአቴን አላህ ይመረው ይሆናል። የሰው ሐቅ ግን ባለቤቱ አፉ ብሎ ይቅር ካላለ አይለቅም። አፉ በይኝ ሳልላት መሄድ አልችልም።»

«እንግዲያው በላት።»

«ምን ብዬ? አፉ በይኝ ካልኳት መሞቴን ነገርኳት ማለት አይደል? ጨጓራ ያመመው ሰው ማንን ይቅርታ ይጠይቃል?»

መልሱን ያገኘው ራሱ ቡራሌ ነው። አንድ ሐሙስ ስትመጣ ዐይኑ እያበራ ጠበቃት።

«ዑምራ ልሄድ ነው» አላት።

ራሕሞ መድኃኒቱ አናቱ ላይ የወጣ መስሏት ደነገጠች። እሱ ግን አእምሮው እንደ ምላጭ ነበር። ለሐጅም ሆነ ለዑምራ ወደ መካ የሚነሣ ሰው ከመሄዱ በፊት ጎረቤቱን፣ ዘመዱን፣ የተጣላውን ሁሉ «መንገደኛ ነኝ፣ አፉ በሉኝ» ብሎ ይቅርታ ይጠይቃል። ደንቡ ነው፤ ማንም ለምን አይልም። ቡራሌ እንግዲህ ሲሻለው ለዑምራ ሊሄድ አሰበ፤ ስለዚህ ከአሁኑ ሰዉን ሁሉ አፉ ያሰኛል። ዓሻንም። የሞት ስም ሳይነሣ።

«አንተስ ሹፌር ብቻ አይደለህም» አለችው ራሕሞ። «ሰባት ኬላ ያለ ወረቀት የምታልፍ ሰው ነህ።»

ዐርብ ከጁምዓ በኋላ ቤቱ ሞላ። ኢርፋን ነው እየዞረ የጠራው፤ ወሬውን ሲሰማ ጓዳ ገብቶ ካለቀሰ በኋላ። የመጣው ሰው ሁሉ ቡራሌ የትም እንደማይሄድ ያውቃል፤ ሁሉም ግን መካ ደርሰህ ዱዓ አድርግልን ይለዋል። ሰሀል የሚባል የድሮ ሹፌር ጓደኛው በምርኩዝ መጥቶ ጎኑ ተቀመጠ። በአንድ መለዋወጫ ጎማ ተጣልተው ሃያ ዓመት ሲነታረኩ የኖሩ ናቸው።

«ያን ጎማዬን የወሰድክብኝን አፉ ብዬሃለሁ» አለ ሰሀል።

«እኔ ጎማህን አልወሰድኩም!»

«እንግዲያው ሳትወስድ ለሃያ ዓመት ስላናደድከኝ አፉ ብዬሃለሁ።»

ሰዉ ሳቀ፣ ቡራሌም እንባው እስኪመጣ ሳቀ። የክፍሉ ሰው አንድ በአንድ እጁን እየጨበጠ አፉ አለው፤ እሱም መለሰላቸው። ዓሻ ግን አልመጣችም። ኢርፋን ሊጠራት ሄዶ ብቻውን ተመለሰ። «ሱቅ ሄዳለች» አለ።

ዐርብ በሱቅ! ቅዳሜም ዓሻ መድኃኒቱን በሰዓቱ ሰጠችው፣ ልብሱን ቀየረችለት፣ አንሶላውን አነጠፈችለት፤ «ዓሻ» ብሎ ሊጀምር ሲል ግን ክፍሉን ትታ ወጣች። እሑድ ጠዋት ራሕሞ ስትመጣ ሽማግሌው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ነበር። ከዐርብ ጀምሮ እህል በአፉ አልዞረም።

«ደንገጎ ነው» አላት።

ሽሮፑን ከሐኪሙ ጋር በስልክ ተነጋግራ ጨመረችለት። አልበረደም። ራሕሞ ይህን ሕመም ታውቀዋለች፤ ጠርሙስ ውስጥ መድኃኒት የለውም። ቦርሳዋን ዘጋችና ባጃጅ ይዛ አሕመድ ዳጋህ ወረደች፤ ዓሻን ልታናግር።

ሱቁ ደጃፍ ስትደርስ ከውስጥ የሴት ድምፅ ሰማች። ቀለም የነካካው ልብስ የለበሰ ሰውዬ ባንኮኒው ላይ ተደግፎ ቆሟል፤ ሴትዮዋ እየገሠጸችው ነው።

«ታሪኩ፣ ባለፈውም ነግሬሃለሁ። ልስኑ ሳይደርቅ ቀለም ከቀባኸው ይላጣል። ከዚያ መጥተህ ቀለምሽ ነው የተበላሸው ትለኛለህ። ሁለት ቀን ታገሥ፣ የሚያባርርህ የለም።»

ሴትዮዋ ዓሻ ናት። የተናገረችውም በአማርኛ ነው፤ ያውም ሳትደናቀፍ፣ ከነተግሣጹ።

ራሕሞ ደጃፉ ላይ ቀረች። እዚያ ክፍል ውስጥ አምስት ሳምንት ሙሉ የተባለው ሁሉ አንድ በአንድ ፊቷ ላይ መጣ። ጉበትህ ነው። ሳምንታት ናቸው። በድያታለሁ። ሀርጌሳ ውስጥ የሚገነባው፣ የሚለስነው፣ የሚቀባው አብዛኛው ሐበሻ መሆኑን ከእሷ በላይ ማን ያውቃል? አስረስን ያስታመመችው እሷ አይደለችም? ታዲያ ሲሚንቶ የምትሸጥ ሴት ደንበኞቿን በምን ቋንቋ ታናግራለች ብላ አለማሰቧ! ግድግዳ እንኳ ጆሮ አለው እየተባለ፣ እሷ ሰው በቆመበት ስታወራ ከረመች። አፈረች፤ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

ዓሻ ቀና ስትል አየቻት። ቀለም ቀቢውን ሸኘች።

«ግቢ እንጂ» አለቻት። «በየትኛው ቋንቋ እናውራ?»

«ዓሻ... ከመቼ ጀምሮ?»

«አማርኛውን? አሥር ዓመት ሆነኝ። ጉበቱን? አንቺ ስትነግሪው ሻዩን ይዤ ቆሜ ነበር።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«ማወቁን እንዳላውቅ ፈለገ። እሺ አልኩ። እሱ ለእኔ ይዋሻል፣ እኔ ለእሱ እዋሻለሁ፤ ተደጋግፈን ደኅና ነበርን።» ባንኮኒው ላይ ያለውን ደረሰኝ ታስተካክላለች፣ መልሳ ታበላሻለች። «ስድስት ጊዜ። ቆጥሬዋለሁ። ለአንቺ ስድስት ጊዜ በድያታለሁ ብሎ ነገረሽ። ሃያ አምስት ዓመት በአንድ ቤት ስንኖር ለእኔ አንድ ጊዜ አልነገረኝም። አሁን ደግሞ ከጎረቤት ጋር አሰልፎ፣ ከሰሀል ጎማ ቀጥሎ፣ አፉ በይኝ ሊለኝ ነው?»

ዓሻ ከተናገረች በኋላ ቁጣዋ ወረደ። በርጩማ ስባ ተቀመጠች።

«ደግሞስ» አለች ቀስ ብላ፣ «ሰዉ ሁሉ አፉ ብሎታል። የቀረሁት እኔ ነኝ። እኔም ካልኩት ይሄዳል።»

ራሕሞ ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባት። ይህች ቤቱን በዐይኗ የምታዝ ሴት አባቷን በአንዲት ቃል ይዛ ልታስቀረው ነበር። ገብታ አጠገቧ የሲሚንቶ ከረጢት ላይ ተቀመጠች።

«ዓሻ፣ እስከ ዛሬ በእምቢታ የቀረ ሰው አላየሁም። ብትዪውም ይሄዳል፣ ባትዪውም ይሄዳል። እኔ አፉ በይው ልልሽ አልመጣሁም። ካልሆነልሽ አትበይ። ግን የተቆጣሽውን ለእኔ አይደለም፣ ለእሱ ንገሪው። ጆሮው ገና ደኅና ነው።»

ራሕሞ ቀጠለች፤ «በፊትሽ ስላወራሁብሽ ደግሞ እኔን አፉ በይኝ። ዐይንሽን ማየት አቅቶኛል።»

«አንቺንስ ብዬሻለሁ» አለች ዓሻ፣ በመሐረቧ ፊቷን እየጠረገች። «አንቺ ቀላል ነሽ።»

ሱቁን በቀን ዘጋችው። ባጃጅ ይዘው ወደ ማሕሙድ ሃይቤ ተመለሱ።

ቡራሌ እንደተኛ ነበር። ዓሻ ኢርፋንን በዐይኗ አስወጣችው፤ ራሕሞም ልትከተለው ስትል እጇን ያዘቻት። ከዚያ ፍራሹ ጫፍ ላይ ተቀመጠችና ለአባቷ ጀርባ ተናገረች፣ በአማርኛ፤ አባባ የሚለውን «አቦ»ን ብቻ በሶማሊኛ ትታ።

«አቦ፣ አንድ ዓመት ነበር ያልከኝ።»

ሽማግሌው ዞረ። መጀመሪያ ያየው ራሕሞን ነው፤ ነገርሻት? በሚል ዐይን። ራሕሞ «እኔ አይደለሁም» በሚል ራሷን ነቀነቀች። ልጁን አየ።

«አማርኛ ማን አስተማረሽ?»

«ትምህርት ቤት ያላስተማረኝን ሱቅ አስተማረኝ።»

ዓሻ ጀምራለች። በሒሳብ ከክፍሉ አንደኛ እንደነበረች ነገረችው። አስተማሪዋ ሁለት ጊዜ ቤት ድረስ መጥቶ ሲለምነው እሷ ከበሩ ኋላ ቆማ እንደሰማች፣ እሱም ሁለቱንም ጊዜ «በሚቀጥለው ዓመት» እንዳለ ነገረችው። መጻሕፍቷን በማዳበሪያ ቋጥራ አልጋ ሥር ማስቀመጧን፣ ወንድሞቿን የቤት ሥራ ስታሠራ የማታውቀው ሲመጣባት «ራስህ ሥራው» እያለች መቆጣቷን፣ አይጥ ማዳበሪያውን የበላው ቀን ብቻዋን ማልቀሷን ነገረችው። ድምፅዋ ከፍ አላለም። ቡራሌም አንድ ጊዜ እንኳ አላቋረጣት። ለቤቱ ብዬ ነው፣ ቸግሮኝ ነው ሊል ይችል ነበር፤ እውነትም ነበረው። አላለም።

ስትጨርስ በሶማሊኛ መለሰላት። እንዲህ ያለው ነገር በተዋሱት ቋንቋ አይባልም።

«በድዬሻለሁ። አንድ ዓመት ብዬ ዕድሜሽን ወሰድኩ። ዑምራ ስለምሄድ አይደለም የምጠይቅሽ፤ እየሞትኩ ነው። ልጄ፣ አፉ በይኝ።»

በዚያ ቤት የሞት ስም በሶማሊኛ ሲነሣ የመጀመሪያው ነበር። ጣሪያው አልወደቀም። ዓሻ ግንባሯን እጁ ላይ ደፍታ አለቀሰች፤ እንደ አሥራ አራት ዓመት ልጅ ነው ያለቀሰችው፣ ቤቱ እስኪሰማ። ራሕሞም አለቀሰች፤ ነርስ አታልቅስ የሚል ሕግ ካለ እሷን አይመለከትም። ከቆይታ በኋላ ዓሻ ቀና አለች።

«አፉ ብዬሃለሁ አቦ። ስለ ዋሸሁህ አንተም አፉ በለኝ።»

«ብዬሻለሁ። ያውም ውሸት አትችዪበትም፤ ለጨጓራ ብለሽ ስንት ሐኪም አመጣሽብኝ!»

ዓሻ በእንባዋ መካከል ሳቀች። ከዚያ ፊቷን ኮስተር አድርጋ፣ «ግን ዛሬ አትሄድም» አለችው።

«ዛሬ? ራቴን ሳልበላ የት እሄዳለሁ?»

ከዚያ በኋላ ቡራሌ ዘጠኝ ቀን ቆየ። በራሕሞ መዝገብ ዘጠኙም ቀን ቀጥ ያለ አስፋልት ነበር። በዘጠነኛው ቀን ከዐሱር ሶላት በኋላ፣ ልጆቹ ዙሪያውን ከብበውት፣ ዓሻ የቁርኣኑን የያሲን ምዕራፍ እየቀራችለት አረፈ። ለራሕሞ ግን ከዚያ ሁሉ በልቧ የቀረላት የዚያ እሑድ ራት ነው።

ዓሻ የፍየል መረቅ ሠርታ በትንሽ ሳህን አመጣች። ራሕሞ በዚህ ደረጃ ላይ ያለ ሰውነት ምግብ እንደማይፈልግ ታውቃለች፤ ግን አልከለከለቻትም። ከመስጊድ የአዛን ድምፅ እየመጣ ነበር። ዓሻ አባቷን በክንዷ ደግፋ በማንኪያ አጠጣችው። አንድ አለ፣ ሁለት አለ። አምስተኛውን እንደምንም ዋጠ። ስድስተኛውን ስታቀርብለት ቡራሌ እጁን አንሥቶ ማንኪያውን ከነእጇ ያዘና ቀስ አድርጎ ወደ እሷ መለሰው። እናቷ ከሞተች ወዲህ አጉርሷት አያውቅም ነበር።

ዓሻ አፏን ከፍታ ተቀበለችው።